ሐሰንኬይፍ፦ ውሃው ከመድረሱ በፊት መስመጥ የጀመረችው ከተማ

ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን ያነበበ ሰው አራቱን ወንዞች ያስታውሳል። ሁለተኛው ግዮን ነው፤ የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል የተባለለት። እኛ ዓባይ ነው ብለን ይዘነዋል። ከእሱ ቀጥሎ የሚጠራው ጤግሮስ ነው። ሁለቱ ወንዞች እዚያ ገጽ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ ዕጣቸው ተመሳሰለ። ሁለቱም ላይ ትልቅ ግድብ ተሠራ።

ዛሬ የማወራችሁ ጤግሮስ ዳር ስለነበረች አንዲት ትንሽ የቱርክ ከተማ ነው። ስሟ ሐሰንኬይፍ ይባላል። ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ ገደማ ነበሩ። በሕዝብ ብዛት ብንሄድ ከአንድ የገጠር ቀበሌ አትበልጥም። በዕድሜ ግን ብዙ የዓለም ዋና ከተሞች ልጆቿ ይሆናሉ። በ2020 ውሃ ዋጣት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ግድብ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ለሕዳሴ ግድብ ከደሞዛቸው ቦንድ ከገዙት አንዱ ነኝ። በ2025 ጉባ ላይ ሲመረቅ እንባዬ መጥቷል። የሐሰንኬይፍን ታሪክ መከታተል የጀመርኩትም ለዚሁ ነው፤ ሌላው ሕዝብ ወንዙን ሲገድብ ምን አገኘ፣ ምንስ ከፈለ የሚለውን ለማወቅ። እየገባሁበት ስሄድ ያስደነገጠኝ የውሃው ነገር አልነበረም። ከውሃው በፊት የነበረው መጠበቅ ነው። ከተማዋ «ትሰምጫለሽ» ተብላ ለዐሥርት ዓመታት ቆይታለች። ኢኮኖሚዋም ውሃው ሳይነካት በፊት ታንቋል። ይህን በደንብ ለመረዳት ግን ከመሬቱ መጀመር አለብን።

ድንጋይና ወንዝ

ሐሰንኬይፍ ያለችው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ባትማን በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ከሶርያም ከኢራቅም ድንበር ብዙ አትርቅም። ነዋሪዋ በአብዛኛው ኩርድና አረብ ነው። በጋው ያቃጥላል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

አካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ለመፈልፈል አይከብድም፤ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ለዘመናት ይቆማል። ጤግሮስ ይህን ድንጋይ እየሸረሸረ ቀጥ ያለ ገደል አበጅቷል። ገደሉ አናት ላይ፣ ከወንዙ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ምሽግ አለ። ገደሉና በዙሪያው ያሉት ሸለቆዎች ደግሞ በዋሻ የተሞሉ ናቸው። አንድ ሁለት አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር። አብዛኛውን የፈለፈለው ሰው ነው።

ዋሻ ስንል የድህነት ምልክት ሊመስለን ይችላል። እዚያ ግን የረቀቀ ቤት ነበር። በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ይሞቃል። ጣሪያ አያፈስም። ልጅ ተድሮ ጎጆ ሲወጣ አንድ ክፍል መፈልፈል ነው። ሰዎች እስከ 1960ዎቹና 70ዎቹ ድረስ ኖረውበታል። በኋላ መንግሥት ከታች ቤት ሠርቶ አወረዳቸው።

የከተማዋ ስምም ከዚሁ ድንጋይ የመጣ ነው። በሶርያውያን ቋንቋ፣ ማለትም በአራማይክ፣ ድንጋይ «ኬፋ» ነው። የዮሐንስን ወንጌል ያነበበ ያውቀዋል፤ ጌታ ስምዖንን «ኬፋ ትባላለህ» ያለው ይኸው ቃል ነው። አረቦች ሲመጡ ምሽጉን «ሕስን ኬይፋ» አሉት። ሕስን ማለት ምሽግ ነው፤ የድንጋይ ምሽግ እንደማለት። በቱርክኛ አፍ ሲዞር ሕስን ሐሰን ሆነና ሐሰንኬይፍ ተባለ።

እዚህ ቦታ ላይ ከተማ ለምን ተቆረቆረ? መልሱ መሻገሪያ ነው። ወንዙ የሚሻገሩበት ቦታ ባለበት፣ ከላዩ ደግሞ ሁሉን የሚያይ ገደል ባለበት፣ ገዢ ይቀመጣል። የሚያልፈውን ነጋዴ ቀረጥ ያስከፍላል፤ ጠላትን ያግዳል። ሐሰንኬይፍ ለረጅም ዘመን የኖረችው በዚህ ሥራ ነው።

ስንቱን ያሳለፈች

ከከተማዋ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ጉብታ ነበር። የጃፓን አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩት ወደ 11,500 ዓመት የሚጠጋ መንደር አገኙ። ሰው ገና ዘላንነቱን ትቶ በአንድ ቦታ መቀመጥ በጀመረበት ዘመን ማለት ነው። «ሐሰንኬይፍ የ12 ሺህ ዓመት ከተማ ናት» ሲባል የምትሰሙት ከዚህ ተነሥቶ ነው። በእርግጥ ያ መንደርና የኋላዋ ከተማ ሳይቋረጡ የተያያዙ አይደሉም። ሰው ግን እዚያው ወንዝ ዳር ደጋግሞ ተመልሷል።

በሮማውያን ጊዜ የድንበር ምሽግ ሆነች። ከወዲያ ፋርስ፣ ከወዲህ ሮም። ክርስትና ሲስፋፋ የጳጳስ መቀመጫም ነበረች። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ከተገኙት ጳጳሳት መካከል የኬፋው ጳጳስ ተመዝግቧል። ከዚያ ጉባኤ በኋላ ግን የአካባቢው ሶርያውያን በብዛት ጉባኤውን ካልተቀበሉት ወገን ቆሙ። የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር እኅት ናት የምትባለው ለዚህ ነው። ከሐሰንኬይፍ በስተደቡብ ያለው ቱር አብዲን የተባለው ደጋ እስከ ዛሬ የእነሱ ገዳማት ምድር ነው። ክርስቲያኖቹ ግን በጣም ጥቂት ቀርተዋል። በ1915 በአርመኖችና በሶርያውያን ላይ የደረሰው እልቂት አካባቢውን ባዶ አድርጎታል።

በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አረቦች ያዟት። ትልቁ ዘመኗ የመጣው ግን ከ1102 ጀምሮ አርቱቂዶች የተባሉ የቱርክመን ገዢዎች ዋና ከተማቸው ሲያደርጓት ነው። ያን የታወቀ ድልድይ የሠሩት እነሱ ናቸው። የመካከለኛው ቅስት ስፋት 40 ሜትር ገደማ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት ይህን ማሰብ ራሱ ይከብዳል። ድልድዩ ከጊዜ ብዛት ፈርሶ ግዙፍ እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ከተማዋ በፎቶ የምትታወቀው በእነዚያ እግሮች ነው።

በ1232 አዩቢዶች፣ የሳላሐዲን ዘመዶች፣ ተረከቧት። በ1260 ሞንጎሎች አወደሟት። አዩቢዶች ግን በሌላው ቦታ ሁሉ ከጠፉ በኋላም እዚያች ገደል ላይ ተጣብቀው ቆዩ። በ1409 ኤል ሪዝክ የተባለውን መስጊድ ሠሩ። ሚናራው ውስጥ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉ። ሪዝቅ የሚለውን ቃል ሙስሊም ወገኖቻችን ያውቁታል፤ አላህ ለሰው የሚሰጠው የዕለት ሲሳይ ነው።

ቀጥሎ አቅቆዩንሉ የሚባሉት መጡ፤ «ባለ ነጭ በጎች» ማለት ነው። ንጉሣቸው ኡዙን ሐሰን ከኦቶማኑ ሱልጣን መሕመድ 2ኛ ጋር በ1473 ኦትሉክቤሊ ላይ ተዋጋ። ተሸነፈ። ልጁ ዘይነል በይም እዚያ ወደቀ። መቃብሩ በሐሰንኬይፍ ተሠራለት። ክብ፣ ከላይ ጉልላት ያለው፣ በሰማያዊ ሸክላ ያጌጠ ነው። ይህን መቃብር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦቶማኖች ያዟት። ከዚያ በኋላ ከተማዋ እየደበዘዘች ሄደች። ምክንያቱ ጦርነት አልነበረም። እንዲያውም ሰላም ነው ማለት ይቻላል። ከወዲህም ከወዲያም ያለው መሬት በአንድ መንግሥት ሥር ሲሆን የድንበር ምሽግ ሥራ ያጣል። ነጋዴውም ሌላ መንገድ አገኘ። የሐሰንኬይፍ ሰው ፍየል ወደ ማርባት፣ አትክልት ወደ መትከልና ሽመና ወደ መሥራት ተመለሰ።

ዘመናዊ ሀብት ወደ አካባቢው የመጣው በሌላ በር ነው። በ1940 ከዚያ ብዙም በማይርቀው ራማን ተራራ ላይ ነዳጅ ተገኘ። በ1955 ኢሉህ በምትባል መንደር አጠገብ ማጣሪያ ተሠራ። ያች መንደር በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አድጋ ዛሬ ባትማን የምትባለው ትልቅ ከተማ ሆነች። ሐሰንኬይፍ ከእሷ ያለው ርቀት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደዚያ ጎረፈ። የሺህ ዓመት ከተማ ትናንት ለተወለደች የነዳጅ ከተማ ወረዳ ሆና ቀረች።

ግድቡ ለምን አስፈለገ

የቱርክን ችግር እናስተውል። ቱርክ ነዳጅም የተፈጥሮ ጋዝም አብዛኛውን ከውጭ ትገዛለች። የራሷ የሆነ ትልቅ ኃይል ወንዞቿ ናቸው። ኤፍራጥስና ጤግሮስ የሚነሡት ከእሷ ተራሮች ነው። ስለዚህ በደቡብ ምሥራቅ አናቶሊያ 22 ግድቦችና 19 የኃይል ማመንጫዎች የሚገነቡበት ግዙፍ ዕቅድ አወጣች። በቱርክኛ ምሕጻረ ቃሉ «ጋፕ» ይባላል። ድሃ ክልል በመስኖና በኃይል ይለማል ተባለ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን አባባል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

የጤግሮሱ ትልቅ ግድብ ኢሊሱ ነው። 135 ሜትር ቁመት አለው። ስድስት ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 200 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 1,200 ሜጋ ዋት። የሚይዘው ውሃ 10.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ለማነጻጸር ያህል ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋትና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ግድቡ የተሠራው ሐሰንኬይፍ ላይ አይደለም። ከእሷ ብዙ ዐሥር ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ነው። ታዲያ እንዴት ሰመጠች? ነገሩ እንዲህ ነው። የታገደ ውሃ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ፊቱም ደልዳላ ነው። የኢሊሱ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 525 ሜትር እንዲሞላ ተወሰነ። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ከ525 ሜትር በታች ያለ ነገር ሁሉ፣ የፈለገውን ያህል ከግድቡ ቢርቅ፣ ይሰጥማል። የታችኛዋ ሐሰንኬይፍ ከዚያ በታች ነበረች። የላይኛው ምሽግ ከዚያ በላይ ነው።

«ታዲያ ግድቡን ዝቅ አድርገው ቢሠሩትስ?» ይህን ብዙዎች ጠይቀዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኘው ከውሃው መጠንና ውሃው ከሚወድቅበት ከፍታ ነው። ከፍታው ሲቀንስ ኃይሉም ይቀንሳል። ሐሰንኬይፍን ለማትረፍ በቂ ያህል ዝቅ ከተደረገ ደግሞ ፕሮጀክቱ አያዋጣም ነበር የመሐንዲሶቹ መልስ። ክርክሩ ስለ ቁጥር ይመስላል። ግን አንዱ ወገን ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ሌላው በኪሎ ዋት የማይቆጠር ነገር ይዟል።

ኢሊሱ በዓመት 3.8 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያመነጫል ተብሎ ታቅዷል። ይህ በ2019 አካባቢ ቱርክ በዓመት ከምትጠቀመው ኃይል 1 ከመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለአንድ ግድብ ይህ ትንሽ አይደለም። ለአንድ ጥንታዊ ከተማ ተገቢ ዋጋ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ አይመስለኝም።

መጠበቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በጤግሮስ ላይ ግድብ የመሥራት ሐሳብ የተነሣው በ1950ዎቹ ነው። የኢሊሱ ንድፍ ያለቀው በ1982 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ የቱርክ መንግሥት ሐሰንኬይፍን በቅርስነት ጥብቅ ቦታ አድርጓት ነበር። ልብ በሉ። አንዱ የመንግሥት እጅ «ይህች ከተማ ቅርስ ናት፣ ማንም አይንካት» ይላል። ሌላው እጅ ደግሞ የምትሰጥምበትን ሐይቅ ይነድፋል።

ነዋሪው በሁለቱ መካከል ተያዘ። ቅርስ ስለሆነች አዲስ ቤት መሥራትም ሆነ የድሮውን እንደልብ ማደስ አይቻልም። ትሰጥማለች ስለተባለ ደግሞ ከመንግሥትም ከባለሀብትም ገንዘብ አይመጣም። ነገ ውሃ ውስጥ ለሚገባ መንገድና ትምህርት ቤት ማን በጀት ይይዛል? አዲስ አበባ ውስጥ «ለልማት ይፈለጋል» የተባለ ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግን ቆርቆሮ ለመቀየር እጅህ አይሄድም። ዘንድሮ ይፈርሳል ይባላል፤ ሳይፈርስ ዓመቱ ያልፋል። በሐሰንኬይፍ ይህ ነገር ወደ 40 ዓመት ፈጀ። እዚያ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው ከዚህ ጥያቄ ውጭ የኖረበትን ቀን አያውቅም።

አንድ ሻይ ቤት ያለው ሰው አስቡ። ወንዙ ላይ እንጨት አቁሞ፣ ከላዩ ቅጠል ጥሎ፣ ጎብኚ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣ የሚበላበት መቀመጫ ሠርቷል። ሐሰንኬይፍ በእነዚህ መቀመጫዎች የታወቀች ነበረች። ገበያው ጥሩ ነው። ወደ እንግዳ ማረፊያ ላሳድገው ብሎ ያስባል። ፈቃድ የለም። የቤቱ ሰነድ ለነገ ዋስትና ስለማይሆን ብድሩም ያስቸግራል። ስለዚህ ጎብኚው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ዓሣ ይበላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ማታ ወደ ባትማን ወይ ወደ ማርዲን ሄዶ ያድራል። ዋናው ገንዘብ ያለው ደግሞ አዳሩ ላይ ነው። በዚህ ላይ ከ1984 ጀምሮ በመንግሥትና በኩርድ ታጣቂዎቹ ፒኬኬ መካከል የተነሣው ጦርነት አለ። በ1990ዎቹ በአካባቢው መንደሮች ተቃጥለዋል፤ ጎብኚም ለዓመታት ርቋል።

ከዚያም «ድሮም ድሃ ከተማ ናት፤ ብትነሣ ለሰዎቹ ይሻላቸዋል» ተባለ። ድህነቱን ያመጣው ራሱ መጠበቁ እንደሆነ የተናገረ ባለሥልጣን አልሰማሁም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገንዘቡ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጎረቤቱ

ግድቡ እንዲህ የዘገየው በገንዘብ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የውጭ ኩባንያዎች ስብስብ በ2001 ተበተነ። በጊዜው የሰው መፈናቀሉና ቅርሱ ብዙ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። ከወጡት አንዱ ኢምፕሬጂሎ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ኋላ ከሳሊኒ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ዊቢልድ ተብሏል። የእኛን ሕዳሴ የሠራው ማለት ነው።

በ2006 እንደገና የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። በዚህኛው ዙር ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ለኩባንያዎቻቸው የብድር ዋስትና ሰጡ። ዋስትናው እንዲህ ይሠራል፦ ገዢው ሀገር መክፈል ቢያቅተው የኩባንያው መንግሥት ይሸፍናል። ያለዚህ ባንኮች አያበድሩም። ሦስቱ መንግሥታት 153 ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀመጡ፤ ስለ ተነሺዎቹ፣ ስለ ቅርሱ፣ ስለ ተፈጥሮው፣ ስለ ጎረቤት ሀገሮች። ቱርክ አላሟላችም ብለው በሐምሌ 2009 ዋስትናውን ሰረዙ።

የከተማዋ ወዳጆች ጨፈሩ። ድል ነበር። ግን ሌላም ነገር ሆነ። ገንዘቡ ሲወጣ 153ቱ ቅድመ ሁኔታዎችም አብረው ወጡ። ቱርክ ከሀገር ውስጥ ባንኮች ተበድራ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ «ካሳውን አስተካክሉ» ብሎ በውል የሚጠይቅ የውጭ አካል አልነበረም። ይህን ስል ተሟጋቾቹን መውቀሴ አይደለም። ለነዋሪው የተሻለ ውል የሚያስከብር አካል ከሀገር ውስጥ ከሌለ የውጩ ጫና ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል።

ዩኔስኮስ? ተሟጋቾች ሐሰንኬይፍ ከዩኔስኮ 10 መስፈርቶች 9ኙን ታሟላለች ይላሉ። ነገር ግን አንድን ቦታ ለዓለም ቅርስነት ማጨት የሚችለው ቦታው ያለበት ሀገር መንግሥት ብቻ ነው። ቱርክ አላጨቻትም። በዚያው አለቀ።

ጉዳዩ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም ሄዷል። አቤቱታው የቀረበው በ2006 ነው። በ2019 ፍርድ ቤቱ አልቀበልም አለ። ምክንያቱን በቀላሉ ልንገራችሁ፦ አንድ ግለሰብ ቅርስ እንዲጠበቅለት የመጠየቅ መብት አለው በሚለው ላይ በአውሮፓ ሀገሮች መካከል ገና የጋራ ስምምነት የለም። ቤትህ ቢወሰድ መክሰስ ትችላለህ። ያደግክባት ከተማ ታሪክ ቢወሰድ ግን አንተ ከሳሽ አይደለህም።

የታችኛው ተፋሰስ ጎረቤት ኢራቅ ናት። ጤግሮስ ለኢራቅ እንደ ዓባይ ለግብፅ ነው ብንል አልተጋነነም። በሰኔ 2018 ቱርክ ውሃ መያዝ ስትጀምር ኢራቅ ድርቅ ላይ ነበረች። ጩኸቱ በረታ። ቱርክ በቀናት ውስጥ አቆመችና እንደገና የጀመረችው በሐምሌ 2019 ነው። ስለ ሙሌት ፍጥነት የሚደረገውን ክርክር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ስምምነት ሲያጸድቅ ከተቃወሙት ሦስት ሀገሮች አንዷ ቱርክ ነበረች፤ ሌሎቹ ቻይናና ብሩንዲ ናቸው። ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ግብፅም እንዲሁ።

መነሣት

በግንቦት 2017 የዘይነል በይ መቃብር ተነሣ። ያዙልኝ ያልኳችሁ። ሥሩ ተቆርጦ፣ በኮንክሪት ታስሮ፣ ብዙ ጎማ ባለው ተሸካሚ መኪና ላይ ተቀመጠ። 1,100 ቶን የሚመዝን የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ እንደ ቆመ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጓዘ። እንደ ምሕንድስና ሥራ ሲታይ ያስገርማል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከእሱ በኋላ ጥንታዊው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ የኤል ሪዝክ ሚናራና ሌሎችም ጥቂት ሕንፃዎች ተከተሉ። ወደ አዲስ የቅርስ መናፈሻ ገቡ።

የማይነሣው ብዙ ነበር። ዋሻ አይነሣም። ገና በወጉ ያልተቆፈረው የ11,500 ዓመቱ ጉብታ አይነሣም። የድልድዩ እግሮች ተጠናክረው እዚያው ተተዉ። በምሽጉ ግርጌ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ ብዙ ዋሻዎች ተሞሉ።

ሰዎቹም ተነሡ። ወንዙን ተሻግሮ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አዲስ ሐሰንኬይፍ ተሠራች። አንድ ዓይነት ቤቶች፣ ሰፊ መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ሙዚየም። እዚህ ላይ የካሳው ስሌት በደንብ መታየት አለበት። ለአሮጌው ቤት የተሰጠው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ለ40 ዓመት ሳይታደስ የቆየ ቤት ምን ያወጣል? የአዲሱ ቤት ዋጋ ደግሞ ብዙ ነው። ልዩነቱ የነዋሪው ዕዳ ሆነ። በራሱ ቤት ሳይበደር የኖረ ሰው ባለ ዕዳ ሆኖ ገባ። ያላገቡ ሰዎች ቤት አይገባችሁም ተብለው ተቃውሞ አሰምተዋል። በሸለቆው መንደሮች የሰው መሬት ያርስ የነበረ ደግሞ በስሙ ሰነድ ስለሌለው የመሬት ካሳው ለባለቤቱ ሄደ።

በአጠቃላይ ሐይቁ 199 መንደሮችንና ከተሞችን በሙሉ ወይም በከፊል ነክቷል። የተፈናቀለው ሰው በመንግሥት ቁጥር 15 ሺህ ገደማ ነው። ተሟጋቾች እስከ 78 ሺህ ያደርሱታል። ልዩነቱ የሚመጣው ማን ተነሺ ነው ከሚለው ነው። ቤቱ የሰመጠበት ብቻ? ወይስ ቤቱ ቆሞ ማሳው የሰመጠበትም? በ90ዎቹ ጦርነት ከመንደሩ ተባሮ፣ አንድ ቀን እመለሳለሁ ሲል የነበረውስ?

በኅዳር 2019 የድሮው ገበያ ፈረሰ። የጎብኚ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረው ምንጣፍ፣ የፍየል ፀጉር ሽመና፣ ማርና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች ነበሩ። አንዳንድ ቤተሰብ የወላጆቹን ዐፅም ሳይቀር አውጥቶ ወደ አዲሱ መቃብር ወሰደ። በ2020 ብርዱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በፍጥነት ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት የመጀመሪያው ተርባይን ሥራ ጀመረ፤ ታኅሣሥ ላይ ስድስቱም ዞሩ።

አሁን በጀልባ መሄድ ይቻላል። ጀልባው የሚንሳፈፈው ከከተማዋ በላይ ነው። የላይኛው ምሽግ ከውሃው ጫፍ ላይ ይታያል። አዲሲቷ ከተማም ለጎብኚ ክፍት ናት። ሙዚየሙ ጥሩ ነው፤ ከተገኙት ዕቃዎች ብዙዎቹ እዚያ ተቀምጠዋል። ግን ነጋዴዎቹ ያጡት አንድ ነገር አለ። በድሮዋ ከተማ ጎብኚው ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ድልድዩ ለመድረስ በሱቆቻቸው መካከል በእግሩ ያልፍ ነበር። ቅርሱና ገበያው አንድ መንገድ ላይ ነበሩ። በአዲሷ ከተማ መናፈሻው ለብቻው ነው፣ ሱቁም ለብቻው።

የሪዝቅ መስጊድ ሚናራ ተነሥቶ መናፈሻው ውስጥ ቆሟል። ከ600 ዓመት በላይ የጤግሮስን ወራጅ ውሃ ቁልቁል ሲያይ ኖሮ ዛሬ ፊቱን ወደ ረጋ ሐይቅ አዙሯል። ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ከፍተው ጎብኚ ይጠብቃሉ።